ከክበቡ ሳልርቅ ከመጠጥ ጨዋታው እንዴት ልራቅ?

በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የተቀላቀልሁት የሩጫ ክበብ ልምምዱ እጅግ ቢያስደስተኝም፣ ከዚያ በኋላ የሚደረገው የማታ ጨዋታ ግን ከወዲሁ እንቅልፍ ይነሳኛል። እዚህ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለስፖርት ስለሚተው፣ የክበቦቹ የመጠጥ ምሽትም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ዕለት ይውላል፤ እኔ ደግሞ ከነጭራሹ አልኮል የማልቀምስ ከመሆኔም በላይ ረቡዕ ጾሜ ነው (ግጥምጥሞሹ ራሱ ያስቃል)።

ጨዋታው በካርታ ነው። ካርታዎቹ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ዙሪያ ተደፍተው ይደረደራሉ፤ ንጉሥ የወጣለት ሰው ከያዘው መጠጥ ወደ መካከለኛው ብርጭቆ ይጨምራል፤ አራተኛውን ንጉሥ የሳበው ደግሞ ቢራው፣ ወይኑና ቮድካው የተደባለቀበትን ያንን ጉድ ጭልጥ አድርጎ እንዲጠጣ ይጠበቃል።

የሚያስጨንቀኝ መጠጡ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ዐይን እኔ ላይ የሚያርፍበት ቅጽበት ነው። ለስላሳ ይዞ መጫወት እንደሚቻል ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን ያ ብርጭቆ ለእኔ ቢደርሰኝ ምን ብዬ ልመልስ? ቤት ውስጥ እንኳ «በሞቴ» ተብዬ ጉርሻ ሲቀርብልኝ እምቢ ማለት የማልችል ሰው ነኝ።

በውጭ አገር የተማራችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ምሽቱን ለምታዘጋጀው ተማሪ አስቀድሜ በግል ልንገራት ወይስ እዚያው በቦታው ቀለል አድርጌ ልለፈው? ደግሞስ ጾሜን ብጠቅስ ነገሩን ያቀለዋል ወይስ ሌላ ጥያቄ ይጎትትብኛል? እናንተ ያላችሁትን ቃል በቃል ብትጽፉልኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።