ሃርድዊክ ሆል፦ መስኮቶቹ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ለምን ይረዝማሉ?

ጥያቄ
በእንግሊዝ አገር፣ በደርቢሺር የሚገኘው ሃርድዊክ ሆል እ.ኤ.አ. ከ1590 እስከ 1597 ለሽሩስበሪዋ ካውንቴስ (የመኳንንት ሴቶች ማዕረግ ነው) ለኤልዛቤት ታልቦት እንደተሠራና ንድፉም የሮበርት ስማይዝሰን እንደሆነ ይነገራል። የፊት ለፊቱን ፎቶግራፍ ስመለከት ግን ረጃጅሞቹ መስኮቶች ያሉት በላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ይህ ለምን ሆነ? ያን ያህል መስታወት የተሸከመው ግድግዳስ እንዴት ጸንቶ ሊቆም ቻለ? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1
የመስኮቱ ቁመት የክፍሉን ክብር ይከተላል። ምድር ቤቱ በአብዛኛው የአገልጋዮች ሥራ የሚከናወንበት፣ መካከለኛው ፎቅ እመቤቲቱ ራሳቸው የሚኖሩበት ሲሆን፣ ላይኛው ደግሞ ታላላቅ እንግዶች፣ ምናልባትም የአገሪቱ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልዛቤት፣ እንዲስተናገዱበት የተዘጋጀ ነበር። እንግዳው በቤቱ ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚወጣውን ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ጨርሶ ወደ ታላቁ የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ሲገባ፣ በግድግዳው የላይኛው ክፍል ዙሪያውን ከጄሶ ተቀርጾ ቀለም የተቀባ ጫካ፣ በመካከሉም የአደን አምላኳን ዲያናን ከነአጃቢዎቿ ያገኛል። እንዲህ ያለውን ክፍል በጠባብ መስኮት ማብራት የማይታሰብ ነው።

መልስ 2
ስለ ጽናቱ ልጨምር። በሕንጻው መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ ወፍራም ግድግዳ ያልፋል፤ ምድጃዎቹና የጭስ መውጫዎቹ በብዛት ወደዚያ ስለተሰበሰቡ የውጪው ግድግዳ ለመስኮት ነጻ ሆኗል። ከውጭ መስኮት የሚመስሉት ሁሉ ግን መስኮት አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ከመስታወቱ በስተኋላ በግንብ የተደፈኑ ናቸው። ስማይዝሰን የገጽታው ሚዛን እንዳይዛነፍ ሲል ይህን ማድረጉን አንዳንዶች እንደ ማታለል ቢቆጥሩትም፣ እኔ የአርክቴክቱን ብስለት አይበታለሁ።

መልስ 3
ከላይ የተሰጡት መልሶች ትክክል ናቸው፤ በእኔ እምነት ግን ከመስኮቶቹ የሚበልጠው ፈጠራ የአዳራሹ አቀማመጥ ነው። በቀደመው የእንግሊዝ ልማድ ታላቁ አዳራሽ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ጋር ትይዩ ሆኖ ይሠራና መግቢያው በአንድ ጫፉ በኩል ስለሚሆን፣ በሩን በሕንጻው መሐል ላይ ማድረግ አስቸጋሪ ነበር። ስማይዝሰን አዳራሹን አዙሮ ከፊት ወደ ኋላ እንዲዘልቅ ስላደረገው፣ በመሐሉ በር የገባ ሰው በቀጥታ አዳራሹ ውስጥ ይገኛል፤ ግራና ቀኙም እኩል ሊሆን ችሏል። ፎቶግራፉን እንደገና ከተመለከቱት በስድስቱ ማማዎች አናት ላይ ከድንጋይ የተቀረጹትን «ኢ» እና «ኤስ» የተባሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ልብ ይበሉ፤ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ የባለቤቲቱ ስም (ኤልዛቤት) እና የማዕረጋቸው (ሽሩስበሪ) የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው።