ሲያትል ውስጥ በአንድ ቤት ስንት ውሻና ድመት ይፈቀዳል?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። ቤታችን ሲያትል ነው፤ ግቢው 6,200 ካሬ ጫማ፣ ወርዱ 50 ጫማ። ሁለት ውሾች፣ አንድ ድመትና ስድስት ዶሮዎች አሉን። ወንድሜ አገር ቤት ሊገባ ስለሆነ ድመቱን ልረከበው አስቤያለሁ። ቤዝመንቱን የተከራየው ሰውም የራሱ ውሻ አለው። ከሚፈቀደው አልፌያለሁ? ለፋሲካስ በግ ገዝቼ ሁለት ቀን ግቢ ባሳድር?

መልስ፦
እህቴ፣ የከተማው ደንብ ለአንድ መኖሪያ የሚፈቅደው እስከ 3 ትንንሽ እንስሳት ነው። ሰው የሚሳሳተው ሦስት ውሻና ሦስት ድመት እየመሰለው ነው፤ ሁሉም ተደምረው ነው 3። ድንክ ፍየልም እዚሁ ድምር ውስጥ ይገባል። አንቺ አሁን ሞልተሻል፣ የወንድምሽ ድመት አራተኛ ይሆናል። አራተኛ የሚፈቀደው ግቢው ቢያንስ 20,000 ካሬ ጫማ ሲሆን ነው፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 5,000 ካሬ ጫማ አንድ ይጨመራል።

ዶሮ ለብቻው ይቆጠራል፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ግቢ እስከ 8 ይፈቀዳል። አውራ ዶሮ ግን አይቻልም። ስለዚህ ጫጩት ስትገዢ ጾታው የተለየውን ጠይቂ፤ ካልተለየው ግማሽ ያህሉ አውራ ሊሆንብሽ ይችላል። የዶሮው ቤት ከጎረቤት መኖሪያ ቤት ቢያንስ 10 ጫማ (3 ሜትር ገደማ) ይራቅ።

ሌላ መልስ፦
የቤዝመንቱን ነገር አቅልለሽ አትዪው። ቁጥሩ የሚታሰበው በየመኖሪያው ነው። ግን በነጠላ ቤቶች ሰፈር ቤዝመንቱ የዋናው ቤት ተጨማሪ መኖሪያ ተብሎ ፈቃድ ቢኖረውም ለዚህ ደንብ ለብቻው መኖሪያ አይባልም፤ የተከራይሽ ውሻ ከእናንተ ጋር ይቆጠራል። ቤቱ እንደ አንድ ስለሚታይ የወንድምሽ ድመት ሳይመጣም እንስሶቻችሁ አራት ናቸው ማለት ነው። ጎረቤት በውሻ ጩኸት ቢከስና ተቆጣጣሪ ቢመጣ ቤዝመንቱ ያለፈቃድ የተከራየ ከሆነ ያም ጉዳይ አብሮ ሊነሳ ይችላል። መጀመሪያ የፈቃዱን ወረቀት ፈልጊ።

በጉ አይሆንም፣ ለሁለት ቀንም ቢሆን። በግ፣ ላምና ፈረስ የሚፈቀዱት ከ20,000 ካሬ ጫማ በማያንስ ግቢ ነው፤ ያውም ለአንድ እንስሳ 10,000 ካሬ ጫማ ይታሰባል። በዚያ ላይ ከአጎራባች የመኖሪያ ይዞታ 50 ጫማ መራቅ አለበት። ግቢሽ ወርዱ 50 ጫማ ነው፤ መሀል ብታስሪው እንኳ በግራም በቀኝም የሚኖርሽ 25 ብቻ ነው። ከከተማ ውጭ ካለ እርሻ ገዝቶ እዚያው አሳርዶ ሥጋውን ማምጣት ይሻላል።

ሌላ መልስ፦
ከዚህ ሁሉ በፊት ቤቱ በእርግጥ ከተማው ውስጥ መሆኑን አጣሪ። ስካይዌይና ኋይት ሴንተር ያሉ ብዙ ቤቶች አድራሻቸው ሲያትል ይላል እንጂ የሚተዳደሩት በኪንግ ካውንቲ ደንብ ነው፤ ሬንተንና ሾርላይንም የየራሳቸው አላቸው። ኪንግ ካውንቲ በድረ ገጹ ላይ ያስቀመጠው የይዞታ ካርታ አድራሻ ሲገባበት የግቢውን ስፋትና ቤቱ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ ያሳያል።

ተከራይ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ደግሞ ውላችሁን እዩ፤ ከተማው 3 ቢፈቅድም አከራይ አንድ ብቻ ሊል ይችላል። ለአካል ጉዳት የሚያገለግል እንስሳ ግን በቤት ኪራይ ሕግ እንደ ተራ የቤት እንስሳ አይታይም፤ የእንስሳ ክፍያም አይጠየቅበትም።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድመት የሌላት እህት አለችን፣ የወንድሜን ድመት ለእሷ ብንሰጣትስ?

መልስ፦
እሷም ሲያትል ከሆነች በስሟ የከተማ ፈቃድ ታውጣለት፤ ለተመከነ ድመት ክፍያው ያንሳል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ወረቀት ተቀበሉ። የማይክሮቺፑ ስምና ስልክ ወንድምሽ ሳይሄድ ይቀየር፤ አለዚያ ድመቱ ቢጠፋ የሚደወለው ወደ ተዘጋ ስልክ ነው።