ጥቆማ፦ ድብርታቸው በሁለት መድኃኒት ላልተሻላቸው እናት፣ ደብረ ብርሃን ወይስ አማኑኤል?

ጠያቂ፣ መሀል ሜዳ፦ እናታችን 71 ዓመታቸው ነው። ለድብርት አሚትሪፕቲሊን ተሰጣቸው፤ ቀጥሎ ፍሉኦክሴቲን 20 ሚሊግራም፣ ሦስት ወር ሆነው፤ ለውጥ የለም። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ። የት እናሳክማቸው? በድብርት መድኃኒት ላይ ይጨመራል የሚባለው አሪፒፕራዞልስ የት ይገኛል?

የእነዋሪው፦ ፋርማሲ ተጠንቀቁ! ለሽማግሌ ሰው ያለ ማዘዣ አሚትሪፕቲሊን 25ን በቀን ሦስቴ ሰጥተው ሽንቱ ተዘግቶ በካቴተር ወጣለት። ስማቸውን አልጠራም።

ሸዋ ሮቢት፦ ያለ ማዘዣ የሚሸጡ ሁሉ መዘጋት አለባቸው!

ፋርማሲስት፦ ቁጣችሁ ይገባኛል። አሚትሪፕቲሊን በዚህ ዕድሜ አፍና ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ ከአልጋ ሲነሱ አዙሮ ይጥላል። ከታዘዘም ማታ ማታ በ10 ሚሊግራም ነው የሚጀመረው።

ባለ ከነማ፦ አዲስ አበባ ከሄዳችሁ ከነማ ፋርማሲ ብቻ! ሌላ ቦታ አትድከሙ።

ሸዋ ሮቢት፦ ወንድሜ፣ ሰው የተጠየቀውን ይመልሳል። ስለ ሕክምና ነው የተጠየቀው።

የአረርቲዋ፦ ጻድቃኔ ማርያም ውሰዷቸው። ጸበሉን እስኪጨርሱ መድኃኒቱ ይቁም።

ሲስተር፦ እህቴ፣ ጸበሉን ይጠመቁ፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ። ፍሉኦክሴቲንም ሃይድሮክሎሮታያዛይድም በአረጋውያን ደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም (የጨው ማዕድን) ያወርዳሉ። በዚያ ላይ በባዶ ሆድ ብዙ ሊትር ከተጠጣ ይብስበታል፤ ሰው ይፈዛል፣ ይወድቃል፣ አንዳንዴም ያንቀጠቅጠዋል።

ጠያቂ፣ ሦስተኛ መድኃኒት ከመፈለጋችሁ በፊት ሶዲየም፣ ኩላሊት፣ ታይሮይድና የደም ማነስ ይታዩላቸው። የሶዲየም ማነስ የሚያመጣው ድካምና መርሳት ድብርት ይመስላል። ለዚህ ደብረ ብርሃን ይቀርባችኋል፤ የጤና መድን ካላችሁ ከመሀል ሜዳ ሪፈር አጽፉ። ሊቲየም (እሱም በድብርት መድኃኒት ላይ የሚጨመር ነው) ከታሰበ ግን የሊቲየም መጠን በደም የሚለካ ላብራቶሪ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ደሙ የሚቀዳው የመጨረሻው ኪኒን ከተዋጠ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድና አይቡፕሮፌን ሊቲየምን በደም ውስጥ ስለሚያከማቹ መጠኑ የሚለካበት ሳይኖር አይጀመርም።

ፋርማሲስት፦ ስለ አሪፒፕራዞል፦ በ2023 የታተመ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ሁለት መድኃኒት ያልሠራላቸውን 619 ሰዎች አይቷል፤ ሁሉም 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ናቸው። አሪፒፕራዞል ከተጨመረላቸው 28.9 በመቶው፣ ቡፕሮፒዮን የተባለ ሌላ የድብርት መድኃኒት ከተጨመረላቸው 28.2 በመቶው፣ ነባሩ ተትቶ ወደ ቡፕሮፒዮን ከተዛወሩት 19.3 በመቶው ድነዋል። መውደቅ የበዛው ቡፕሮፒዮን በተጨመረላቸው ላይ ነው። አሪፒፕራዞል በ2.5 ሚሊግራም ይጀመራል። ፍሉኦክሴቲን በደም ውስጥ ስለሚያከማቸው መጠኑ ቶሎ ቶሎ አይጨመርም። ተቀምጠው ቡናቸውን እንኳ መጨረስ አቅቷቸው ከወዲያ ወዲህ የሚሉ ከሆነ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪሙ ንገሩ።

የእነዋሪው፦ ያ ፋርማሲ ግን ዛሬም ክፍት ነው።

ሲስተር፦ ጠያቂ፣ እናታችን እህል ውኃ እምቢ ካሉ ወይም «መኖር ሰለቸኝ» ካሉ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሷቸው፤ የእርሻ መድኃኒትም ከቤት ይውጣ። ደግሞ ዛሬ ማታ ኪኒናቸውን ቁጠሩ።

ጠያቂ፦ ቆጠርን። ከተሰጣቸው 30 ፍሬ በ26ኛው ቀን 19 ቀርቷል። ጾም ነው እያሉ ጠዋት አይውጡትም ለካ።

ሲስተር፦ እንግዲያው ፍሉኦክሴቲን ገና በወጉ አልተሞከረም። ከ9 ሰዓት በኋላ፣ ጾማቸውን ሲፈቱም ይዋጣል፤ ዋናው በየቀኑ መሆኑ ነው። የቀረውን ፍሬ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩት።