ፓወርፖይንት ላይ ነጥቦቹ ሁሉ ባንዴ ይመጣሉ፤ አንድ በአንድ እንዲወጡ ምን ላድርግ?

የማታ ተማሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰኞ የማስተርስ ዲፌንስ አለብኝ። አንድ ስላይድ ላይ አምስት ነጥብ አለ። አንዱን አስረድቼ ክሊክ ሳደርግ ቀጣዩ ብቻ እንዲመጣ ነው የምፈልገው። አኒሜሽን ሰጥቼዋለሁ፤ ግን አንዴ ስነካው አምስቱም ግር ብለው ይወጣሉ። ፓወርፖይንት 2016 ነው። ርዕሱ ደግሞ እንደ ታይፕ ፊደል በፊደል ቢጻፍ ደስ ይለኛል። ለአማርኛ ይሠራል?

መምህርት፦ ጽሑፉ ያለበትን ሳጥን ምረጥና “አኒሜሽንስ” ውስጥ ግባ። “ኢፌክት ኦፕሽንስ”ን ክፈትና “ባይ ፓራግራፍ” በለው። “ስታርት” የሚለው “ኦን ክሊክ” ይሁን። ከነጥቦቹ ጎን 1፣ 2፣ 3 እያለ ቁጥር ከወጣ ሠርቷል። ሁሉም ጋ 1 ከሆነ አሁንም አብረው ነው የሚመጡት።

የማታ ተማሪ፦ አመሰግናለሁ። ሁለቱ ተለያዩ። ሦስቱ ግን አሁንም ተያይዘው ነው የሚመጡት። ከወርድ ፋይሌ ኮፒ ያደረግኳቸው ናቸው።

ዝም አይነቅዝም፦ እንግዲያው መስመሮቹ የተከፈሉት በሺፍት ኢንተር ይሆናል። ለዓይን አዲስ መስመር ነው፤ ፓወርፖይንት ግን ሦስቱንም አንድ አንቀጽ ብሎ ነው የሚቆጥራቸው። የነጥብ ምልክቱ መጀመሪያው መስመር ላይ ብቻ ካለ በዚያ ታውቀዋለህ። የመስመሩ መጨረሻ ላይ ዲሊት በል፣ ከዚያ ኢንተር ብቻ ምታ። አኒሜሽኑን አጥፍተህ እንደገና ስጠው።

ገባ ብለው የተጻፉ ንዑስ ነጥቦች ከሆኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እነሱ ከዋናው ነጥብ ጋር ነው የሚመጡት። አኒሜሽን ፔን (የሰጠሃቸው አኒሜሽኖች ተዘርዝረው የሚታዩበት ሰሌዳ) ላይ “ኢፌክት ኦፕሽንስ”፣ ከዚያ “ቴክስት አኒሜሽን” ገብተህ ሁለተኛውን ደረጃ ምረጥ።

መምህርት፦ የርዕሱ ነገር ይቻላል። “አፒር” የሚለውን አኒሜሽን ስጠው። አኒሜሽን ፔን ላይ ራይት ክሊክ አድርገህ “ኢፌክት ኦፕሽንስ” ግባና “አኒሜት ቴክስት” የሚለውን “ባይ ሌተር” አድርገው። ለአማርኛም ይሠራል፤ “ሟ”ም ብትሆን እንደ አንድ ፊደል ነው የምትወጣው። በፊደሎቹ መካከል ያለውን ጊዜ ግን 0.5 ሰከንድ ላይ አትተወው። 40 ፊደል ያለው ርዕስ 20 ሰከንድ ይፈጃል፤ ፈታኝ አፍጥጦ እያየህ 20 ሰከንድ ብዙ ነው! 0.05 ይበቃል።

ስላይድ ሰሪ፦ እኔ በበኩሌ ፊደል በፊደል ማውጣቱን ለርዕስ ብቻ እንጂ ለነጥቦቹ አልመክርም። እነሱን “አፒር” ወይም “ፌድ” በላቸውና እለፍ። የሚሽከረከርና የሚዘል ነገር ለልደት ካርድ ነው። ደግሞ ጉግል ስላይድስ ላይ ከፍቼ አቀርባለሁ እንዳትል፤ እዚያ በአንቀጽ እንጂ ፊደል በፊደል የለም።

የማታ ተማሪ፦ ሺፍት ኢንተር ነበር! አሁን ቁጥሩ እስከ 5 ደረሰ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ለፈታኞች ቀድማችሁ በፒዲኤፍ ላኩ ተብለናል። ይበላሽብኝ ይሆን?

ዝም አይነቅዝም፦ አይበላሽም። ፒዲኤፍ ላይ እንቅስቃሴ የለም፤ አምስቱም ነጥብ አንድ ገጽ ላይ ይታያል። የሚያስቸግረው አንዱን ሳጥን ሌላው ላይ ደርበህ “ኤግዚት” (ከስላይዱ እንዲጠፋ የሚያደርገው አኒሜሽን) ካደረግህ ነው፤ ያኔ ጽሑፉ ተደራርቦ ይወጣል። እንደዚያ ያለ ስላይድ ካለህ ለሁለት ክፈለውና ላከው።