የዋስትናው ፕሮጀክት ረቂቅ፦ በሜሪላንድ የሲልቨር ስፕሪንግ የኢትዮጵያውያን ማኅበር አባላት የዕቅድ ውይይት

የንዑስ ኮሚቴው ጸሐፊ፦
ለካውንቲው የምናቀርበው የ18,000 ዶላር የድጋፍ ጥያቄ ረቂቅ ተያይዟል። ሦስት ሥራዎችን ይዟል፦ በሮክቪል ፍርድ ቤት የዋስትና ችሎት ተቀምጠው የሚታዘቡ አባላትን ማሠልጠን፣ የዋስትና ገንዘብ ላጡ ወገኖች ተዘዋዋሪ ገንዘብ (ለአንዱ ወጥቶ ሲመለስ ለሌላው የሚውል) ማቋቋም፣ እንዲሁም ቅዳሜ የካቲት 21 ቀን (እ.ኤ.አ.) ቤተሰቦችን ከሕዝብ ተከላካይ ጠበቆች ጋር የሚያገናኝ የግማሽ ቀን ጉባኤ ማካሄድ። የጉባኤው ምሳ በ2,400 ዶላር ተገምቷል። አስተያየት እስከ ዓርብ ይላክ።

ገንዘብ ያዥ፦
2,400 ዶላሩ የማንን ዋጋ ተከትሎ ነው የተገመተው? የዘመን መለወጫው ምግብ ያለ ውድድር ለአንድ ቤት ተሰጥቶ ምን እንዳስከተለ ማንም አልረሳውም። ሦስት ዋጋ ተወዳድሮ ካልቀረበ በዚህ ረቂቅ ላይ አልፈርምም።

የምግብ ቤት ባለቤት፦
«አንድ ቤት» የተባለው የእኔ መሆኑ ለማንም አይሰወርም። ያን ጊዜ ከዋጋው ቀንሼ፣ የጎደለውንም ከኪሴ ሞልቼ ነበር ያቀረብሁት፤ ደረሰኙም በገንዘብ ያዡ እጅ ይገኛል። ሌባ መባል ካልቀረልኝ ከአባልነቱም ልቅር።

አስተርጓሚ፦
ከምሳው በፊት ያሉትን ገጾች ያነበበ አለ? በሜሪላንድ የተያዘ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ኮሚሽነር (ዳኛ ያልሆነ፣ ስለ መለቀቅ መጀመሪያ የሚወስን የፍርድ ቤት ሹም) ፊት ይቀርባል፤ ኮሚሽነሩ ከለቀቀው ይሄዳል፣ ካልለቀቀው ግን ፍርድ ቤቱ በሚከፈትበት በሚቀጥለው ቀን ጉዳዩን ዳኛ ያየዋል። ሁለቱም በጥቂት ደቂቃዎች የሚያልቁ ናቸው። በዚያች ጊዜ ቤተሰብ የሥራ ደብዳቤና የመኖሪያ ማስረጃ ይዞ ለተከላካይ ጠበቃው ካላደረሰ፣ ዳኛው ፊት የሚኖረው በአብዛኛው የፖሊስ ወረቀት ነው። የእኛ ሰው ግን ጎረቤት እንዳይሰማ ሲል ቤቱን ዘግቶ ይቀመጥና ቀኑ ካለፈ በኋላ ቦንድስማን (በክፍያ ዋስ የሚሆን ነጋዴ) ፍለጋ ይወጣል። ጉባኤው የተፈለገው ለዚህ ነው።

የታክሲ ሹፌር የሆነ አባል፦
እኔ ተዘዋዋሪ ገንዘቡን ነው የምደግፈው። የሜሪላንድ ሕዝብ ተከላካይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት፣ ከ2011 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ሰዎች ለቦንድስማኖች የተጠየቁት የማይመለስ ክፍያ ከ256 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ከዚህም ውስጥ ከ75 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ጥፋተኛ ሳይባሉ ጉዳያቸው የተዘጋ ሰዎች ዕዳ ነው። 10,000 ዶላር ዋስትና የተጠራበት ሰው 1,000 ዶላሩን ለቦንድስማን ከከፈለ በኋላ ክሱ ቢነሣለትም ገንዘቡ አይመለስለትም። እድር ለሞተ ሰው ይሰበስባል፤ በሕይወት ላለው ለምን አይሰበሰብም?

የሕግ ተማሪ፦
ጋሼ፣ ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተለውጧል። የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያወጣውና እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ፣ ተከሳሹ ሊከፍለው በማይችለው ዋስትና ምክንያት ብቻ ታስሮ እንዳይቆይ ያዛል። ከዚያ በኋላ የገንዘብ ዋስትና ሲቀንስ፣ ያለ ዋስትና የሚታሰሩት ደግሞ በረከቱ። እንዲህ ላለው ሰው ያከማቸነው ገንዘብ ምንም አይፈይድለትም። የኒው ጀርሲም ታሪክ ተመሳሳይ ትምህርት አለው፤ በ2017 የገንዘብ ዋስትናን ከሞላ ጎደል ካስቀሩ በኋላ የእስረኛው ቁጥር በብዙ ሺህ ቢወርድም፣ ከእስረኞቹ መካከል የጥቁሮች ድርሻ በ2012ም በ2018ም 54 በመቶ ነበር። ስለዚህ የልዩነቱን ምንጭ ለማወቅ ችሎቱን መታዘብ ይቀድማል እላለሁ።

አንጋፋ አባል፦
ይህ ማኅበር የተቋቋመው ልጆቻችን ቋንቋቸውን እንዲያውቁና ሽማግሌዎች እንዲጦሩ ነው። ስማችን በካውንቲው የሚታወቀው በሥራና በትምህርት ሆኖ ሳለ፣ በራሳችን ደብዳቤ ከእስር ቤት ጋር የምንጠራበት ምክንያት አይገባኝም። የዘር ልዩነቱ የዚህ አገር ሰዎች የቆየ ጉዳይ ነው።

አስተርጓሚ፦
አባቴ፣ የእስር ቤቱ መዝገብ የሚጠይቀው ዘርን እንጂ ጎንደርን ወይም ጅማን አይደለም። ልጅዎ ቢያዝ የሚቆጠረው ከዚያው ከአንድ ረድፍ ውስጥ ነው። የእኛ ሰው ስንት እንደሆነ ካውንቲውም ሊነግረን የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንጋፋ አባል፦
የእኔን ልጅ በዚህ ምሳሌ ውስጥ ባታስገቢው መልካም ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦
የምሳው ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም።

የወጣቶች ክፍል ኃላፊ፦
የካቲት 21 የዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት መሆኑን ያየ የለም ወይ? ምሳው በያይነቱ ከሆነ 2,400 ዶላር ከየት መጣ? ቀዳሚት ቁርስ ትበላ እንደሆነ ደግሞ ካህኑ ይጠየቁ።

ሙስሊም አባል፦
ረመዳንም ዘንድሮ በዚያው ሳምንት ገብቷል። እኛ እኩለ ቀን ላይ ውኃም አንቀምስም። በማኅበሩ ገንዘብ ምሳ ሲቀርብ ግድግዳ ተደግፈን እንድናይ ከሆነ የተጠራነው፣ ይነገረን።

የምግብ ቤት ባለቤት፦
ሳምቡሳና ቴምር ለመግሪብ፣ ሽሮና በያይነቱ ለጾመኛው ማቅረብ እችላለሁ። ዋጋ ግን አልወዳደርም፤ የሚያምነኝ ይዘዘኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
ግማሽ ቀን የተባለው ጉባኤ እስከ መግሪብ ከተራዘመ የአዳራሹ ኪራይ እጥፍ ይሆናል።

ሰብሳቢ፦
ይበቃል። ገንዘብ ያዡ የማንንም ስም አላነሣም፤ ወንድማችንም በሰጠው አገልግሎት ማኅበሩ አመስግኖታል። ምሳው ይቅርና ቡናና ውኃ ይቅረብ፤ የሚጾመው ይጹም። አሁን ወደ ዋናው እንመለስ፤ ለችሎት ታዛቢነት የተመዘገቡት እነማን ናቸው?

የንዑስ ኮሚቴው ጸሐፊ፦
በስብሰባው እጃቸውን ያወጡት አራት ነበሩ። ሁለቱ ለመልእክቴ አልመለሱም፤ አንደኛው የሥራ ፈረቃው ተለውጧል።

አስተርጓሚ፦
አራተኛዋ እኔ ነኝ፤ ስሜ ይውጣ። የችሎት አስተርጓሚ ገለልተኛ መሆን ስላለበት በምሠራበት ፍርድ ቤት ታዛቢ ሆኜ ልመዘግብ አልችልም። ማሠልጠን ግን እችላለሁ፤ የሚሠለጥን ከተገኘ።

የሕግ ተማሪ፦
ስለ ተዘዋዋሪው ገንዘብ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በጥር 2025 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው በሱቅ ስርቆት ቢያዝ እንኳ፣ ሳይፈረድበት በኢሚግሬሽን እስር እንዲቆይ ያስገድዳል። ዋስ ከፍለን ያስወጣነውን ሰው ከበር ላይ አይስ (የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ፖሊስ) ሊቀበለው ይችላል። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳናማክር አንድ ዶላር ማውጣት የለብንም።

የታክሲ ሹፌር የሆነ አባል፦
እንግዲያው ጠበቃ ይቀጠርበት እንጂ ገንዘቡ ለምን ይሰረዛል?

ገንዘብ ያዥ፦
ማኅበሩ ለዋስትና ገንዘብ ሲያስቀምጥ ሒሳቡን የሚመረምር ባለሙያ ያስፈልገዋል። የለንም።

የንዑስ ኮሚቴው ጸሐፊ፦
በአስተያየታችሁ መሠረት የተሻሻለው ረቂቅ ይህ ነው። ተዘዋዋሪው ገንዘብ ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል። የታዛቢዎች ሥልጠና «ፈቃደኞች ሲገኙ» በሚል ተይዟል። ጉባኤው ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተደርጎ ርዕሱ «የቤተሰብ የሕግ ግንዛቤ ቀን» ተብሏል፤ አንጋፋው አባላችን በጠየቁት መሠረት እስር ቤት የሚለው ቃል ከመጀመሪያው ገጽ ወጥቷል። የተረፈው ገንዘብ ለአዳራሹ የድምፅ ማጉያና ለሚታጠፉ ጠረጴዛዎች ተመድቧል።

የምግብ ቤት ባለቤት፦
ከፋሲካ በኋላ ከሆነ ምሳው ይመለሳል ማለት ነው?

ገንዘብ ያዥ፦
በሦስት ዋጋ።