ስቶሩን ቆለፉብኝ፤ ምን ላድርግ?

የመሐል ሜዳ ልጅ፦ ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። ቶሮንቶ ቤዝመንት ተከራይቼ ስኖር ሦስት ዓመቴ ነው። ባለቤቶቹ ከላይ ይኖራሉ። ስቶሩን ከገባሁበት ቀን ጀምሮ አብረን ነበር የምንጠቀመው። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስገባ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበት አገኘሁ። «ለራሳችን ፈለግነው» አሉኝ፣ በቃ። ምጣዴ፣ የልጄ የበረዶ ጫማ፣ እናቴ ከመንዝ የላከችልኝ ዝተት እዚያ ውስጥ ናቸው። ኪራዩ ግን አምስት ሳንቲም አልቀነሰም። መብት አለኝ ወይስ ዝም ልበል?

የአንኮበሩ፦ እህቴ፣ ዝም እንዳትዪ። በፈረንጆቹ 2006 የወጣው የኦንታሪዮ የተከራዮች ሕግ ስቶርን ከኪራዩ ጋር ከሚሰጡ መገልገያዎች ይቆጥረዋል። ከከለከሉሽ ኪራዩ እንዲቀነስልሽ ለአከራይና ተከራይ ቦርዱ ታመለክቻለሽ። ፎርሙ ቲ 3 ይባላል። ከተዘጋብሽ ዓመት ካለፈ ግን አይቀበሉሽም። ስለዚህ ቀኑን ጻፊ፣ ጓጉንቸሩን ፎቶ አንሺ። ዕቃዬን ላውጣ ብለሽ በቴክስት ጠይቂ፤ በቃል ያሉሽ ነገር በኋላ ይካዳል። በንዴት ኪራይ እንዳታስቀሪ ብቻ! ያልተከፈለ ኪራይ ካለ ሊያስወጡሽ ይከሱሻል። አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ኪችን ወይም ሻወር ከባለቤቶቹ ጋር መጋራት ግዴታሽ ነው? ከሆነ ይህ ሕግ አይመለከትሽም።

የደብረ ብርሃኗ፦ ዝተት ስትዪ ሆዴ ባባ። ማታ ማታ እናቴ እግራችን ላይ ጣል የምታደርግልን ትዝ አለኝ። እርጥብ ሲሆን የበግ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ስንት ማሞቂያ ቢበራ ያን ሙቀት አላገኘሁትም።

የሸዋ ሮቢቱ፦ እኔ የምለው፣ ለሰው ቤዝመንት ከምትገፈግፉ አገር ቤት ሥሩ። እኔ ደብረ ብርሃን አራት ሰርቪስ ክፍል አከራያለሁ። እናቴ የምትኖረው በዚያ ኪራይ ነው። ተከራዮቹ እንጨትና ከሰል የሚያስቀምጡባትን የቆርቆሮ ቤት ወንድሜ ለሲሚንቶ ፈለጋት፤ አስለቀቃቸው። ማንም አልከሰሰንም። ቤቱ የባለቤቱ ነው።

የአንኮበሩ፦ ኪራይ ቀነሳችሁላቸው?

የሸዋ ሮቢቱ፦ ለምን? ክፍላቸውን አልነካንም።

የአንኮበሩ፦ የእሷስ ባለቤቶች ክፍሏን ነኩ? ወንድሜ፣ ሁለቱ አንድ ናቸው። አገር ቤትም በ2016 የኪራይ አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥሩ 1320። ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል። አንተ ውል አለህ?

የሸዋ ሮቢቱ፦ የእናቴ የስኳር መድኃኒት የሚገዛው ከዚያ ኪራይ ነው። በእኔ ቤት አትግባብኝ።

የደብረ ብርሃኗ፦ እናትህን እግዜር ይማርልህ። ግን እኔ ያደግሁት እንደዚያ ባለ ሰርቪስ ክፍል ነው። አከራያችን መጋዘኗን ሲወስዱብን እንጨቱን አልጋ ሥር ከተትነው። ሐምሌ ላይ ማገዶው ረጥቦ ጭሱ ታናሽ ወንድሜን ሌሊቱን ሙሉ ያስለው ነበር። እናቴ አልከሰሰችም፣ እውነት ነው። የት ሄዳ ትክሰስ? ለወንድምህ ዛሬውኑ ደውልለት።

የሸዋ ሮቢቱ፦ ሲሚንቶውን ሜዳ ላይ ላስቀምጠው?

የመሐል ሜዳ ልጅ፦ ኪችንና ሻወር የራሴ ነው። የልብስ ማጠቢያውን ግን እንጋራለን፤ እሱስ ይቆጠራል? እንዳልከኝ በቴክስት ጠየቅኋቸው። ማታ ምጣዴንና ጫማውን በር ላይ አስቀምጠውልኝ አገኘሁ። ዝተቱ ግን የለም።