አስቸኳይ! የስኔር ሮል ላይ ግራ እጄ ሁለተኛዋን ምት ይውጣታል

ጀማሪው፦ ሰላም ቤቶች። ነገ ከባንድ ጋር ልምምድ አለኝ፣ የስኔር (ከታች ሽቦ ያለው ከበሮ) ሮሏ፣ ማለት ምቶችን አያይዞ ማንጎድጎዷ፣ ግን እምቢ አለች። ቀኝ ቀኝ ግራ ግራ ስል ቀኙ ደህና ነው፣ ግራው ሁለተኛዋን ይበላታል። ቀስ ስል ይሆናል፣ ስፈጥን ይበላሻል። ግራዬ ደካማ ስለሆነ ከበድ ያለ ስቲክ (የከበሮ ዱላ) ልግዛ? ቶሎ በሉልኝ።

ዱላ_ሰባሪ፦ ግራውን ተወውና ቀኝ ቀኝ ቀኝ ቀኝ በል፣ ማን ያውቅብሃል 😂

ቆዳና_ሽቦ፦ በምን ፍጥነት? ፓድ (የልምምድ ጎማ) ላይ ነው ከበሮ ላይ? ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፏል? ይሄን ሳትነግረን ስለ ስቲክ ክብደት ምን እንበልህ?

ሜትሮኖም_60፦ መሠረት ሳይያዝ ሮል! በመጀመሪያ ከበሮው ከእምብርትህ ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ከፍ ካለ የእጅህ አንጓ ይታጠፍና ስቲኩ ጠርዙን ይመታል። ትከሻህን አውርድ። ምቱ ከአንጓ ይነሳ፣ ክርንህ ይከተል እንጂ አይምራ። ሁለቱም ስቲኮች እኩል ከፍታ ይነሱ፤ ቀኙ 20 ሴንቲሜትር፣ ግራው 10 ከተነሳ ግራው ሁልጊዜ ያነሰ ነው የሚሰማው። በ60 ቴምፖ (በደቂቃ 60 ቆጠራ) በእያንዳንዱ እጅ 8፣ 8 ነጠላ ምት፣ መስታወት ፊት። ሮል ከዚያ በኋላ።

ዱላ_ሰባሪ፦ ልምምዱ እኮ ነገ ነው፣ የዛሬ ዓመት አይደለም።

ጣት_መሪ፦ ጉልበት አይደለም የጎደለህ፣ ስቲኩን አንቀኸዋል። ከበድ ያለ ስቲክም አይፈታውም። ስትፈጥን አንጓ ሁለቱንም ምት ለየብቻ ማድረስ አይችልም፤ የመጀመሪያዋን አንጓ ይጥላታል፣ ሁለተኛዋ ከቆዳው ነጥሮ የሚመለሰው ስቲክ ናት፣ ጣቶች ያግዟታል። ጣትህ ከጨበጠ መንጠሩ እዚያው ይሞታል።
ስቲኩን ከኋላው ጫፍ ርዝመቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ገባ ብለህ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዝ። ሦስቱ ጣቶች ይንኩት፣ አይጨብጡት። በግራ ብቻ ከ20 ሴንቲሜትር ጣለውና ዝም ብለህ ተወው። ኳስ እንደሚነጥር ሦስት አራት ጊዜ ካልዘለለ አሁንም አንቀኸዋል። ሲዘልልህ፣ ሁለተኛዋ ላይ ሦስቱን ጣቶች ወደ መዳፍህ ሰብሰብ አድርግ፤ ሁለተኛዋን የሚያጎላት ያ ነው። ለጊዜው ሆን ብለህ ሁለተኛዋን ከመጀመሪያዋ አጠንክራት።

ለስላሳ_እጅ፦ ስቲኩን ላላ አድርገህ ያዘው፣ ይስተካከላል።

ጣት_መሪ፦ ከላይ ያልኩትን አንብበኸዋል?

ጀማሪው፦ ከበሮ ላይ ነው። ፓድ ላይ ሁለቱም ይሰማል። ወረቀቱ ላይ ግማሽ ኖታ ሆኖ ግንዱ ላይ ሦስት ሰረዝ አለ፣ ቴምፖው 70። የኮንሰርት ባንድ ነው።

ኦርኬስትራ_ጥግ፦ ታዲያ ደብል (በየእጁ ሁለት ሁለት ምት) ነው ያለህ ማነው? ሦስት ሰረዝ ሮል ነው። የማርሽ ከበሮ ቢሆን ደብል፣ በኮንሰርት ባንድ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዝ ሮል ነው የሚፈለገው። በ70 ደብል ብትመታ በሰከንድ 9 ምት ገደማ ነው፣ አንድ በአንድ ይቆጠራል እንጂ ድምፁ አይያያዝም። ለበዝ ሮል በአንድ ቢት (ቆጠራ) 6 ጊዜ እጅህን አፈራርቅ፤ እያንዳንዱ እጅ ስቲኩን በትንሹ ተጭኖ ብዙ ጊዜ እንዲንቀጠቀጥ ይተወው፣ የአንዱ ድምፅ ሳይጠፋ ሌላው ይግባ። በጣም ከተጫንከው ድምፁ ይታፈናል፣ ካነሰ ይቆራረጣል። ድምፁ ዝቅ ብሎ እንዲሰማ ከተፈለገ ወደ ጠርዙ ተጠጋ።

ሜትሮኖም_60፦ ደብል ያልለመደ እጅ በዝ ይሠራል ማለት ቀልድ ነው።

ኦርኬስትራ_ጥግ፦ ጎን ለጎን ይለመዳሉ። ነገ የሚያስፈልገው ግን አንዱ ነው።

ቆዳና_ሽቦ፦ ፓድ ላይ ሆኖ ከበሮ ላይ ካልሆነ ቆዳውንም እዩት። የፓድ ጎማ ስቲኩን ብዙ ይመልሳል፣ የላላ ቆዳ ግን ይውጠዋል። የላይኛውን ቆዳ ብሎኖች በከበሮ መፍቻ ቁልፍ ሩብ ዙር ሩብ ዙር፣ ከአንዱ ወደ ፊት ለፊቱ እየተሻገርክ አጥብቅ። ከዚያ ከየብሎኑ 3 ሴንቲሜትር ገባ ብለህ ነካ ነካ እያደረግክ ድምፁን አመሳስል። የታችኛውን አትንካው፣ ቀጭን ነው።

ለስላሳ_እጅ፦ እግረ መንገዴን፦ ሌላ ከበሮ ሲመታ የኔ ስኔር ሽቦ ይንጫጫል። ብሎኑን ላጥብቅ?

ቆዳና_ሽቦ፦ የሽቦውን ማለትህ ከሆነ አታብዛ፣ በጣም ከጠበቀ ለስለስ ያለ ምት ላይ ሽቦው አይናገርም። መጀመሪያ ሽቦውን የሚያንጫጫውን የሌላውን ከበሮ ድምፅ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው። የማትመታ ከሆነ ደግሞ በጎን ያለውን ማንሻ አውርደህ ሽቦውን ከቆዳው አላቅቀው፣ ግን ተራህ ሲደርስ መመለስ አትርሳ።